በፍልሰታ የጠጣሽው ሾርባ

እናኑዬ፣

መምህራችን ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና መጠየቅ ግድ ነው ይላል። አንቺን እንዴት ከረምሽ ብዬ ብጠይቅ መልሱ በየትኛው ፖስታ ይደርሰኛል? ስለዚህ ጤናሽን ዘልዬዋለሁ። ጉልበትሽ ከእንግዲህ እንደማያምሽ አውቃለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ከተለየሽኝ በመጪው ሚያዝያ ሦስት ዓመት ይሞላል። እኔን ጠይቂኝ ካልሽ፣ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አወራለሁ። ማውራቱ እንዳልቀነሰ አንቺም ሳትገምቺ አትቀሪም።

ይኼ የምታዪው ጽሕፈት የራሴ ነው። የሰው እጅ የለበትም። የማታ ትምህርት ገብቼ ስድስት ወር ሙሉ ተምሬ ፈተናውን አለፍኩ። ከክፍላችን አንደኛ ነኝ። ሁለተኛ የወጣው አንድ ሸማኔ ነው፤ እሱም ሁለተኛ የሆነው አጠገቤ ስለተቀመጠ ነው። አሁን ፊደል ያለበት ነገር ካየሁ አላልፍም። የክብሪት ቀፎ አነባለሁ፣ የስኳር ጆንያ አነባለሁ፣ ከገበያ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ አነባለሁ። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሞተሩ በላይ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ታስታውሻለሽ? ለአስፈጪው ሁሉ «ሥራ ክቡር ነው ይላል» እያልኩ ስተረጉም የኖርኩትን? «ማጨስ ክልክል ነው» ነው የሚለው። ስንት ዓመት እሱን ተደግፌ ሳጨስ ኖርኩ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ጣሪያው በጓሮ በኩል ያፈስ ነበር፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ቆርቆሮ ቀየርኩለት። የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ዞሯል፤ ጎረቤት ይቆርጣል፣ እኔ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። የወፍጮው አሮጌ ሞተር ወጥቶ አዲስ ገብቷል። አዲሱ እንደ አሮጌው አይጮኽም። ድሮ ሰው ወሬዬን ሳይሰማ ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር፣ አሁን ጥርት አድርጎ ይሰማኛል፤ ይኼ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ደግ አይደለም። ነጠላሽ ከተሰቀለበት ሚስማር አልወረደም። ሰው ሲመጣ እንዳያየው በሩን ወደዚያ ገፋ አድርጌ እከፍታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እስካሁን የጻፍኩት መንደርደሪያ ነው፣ ታውቂኛለሽ።

የዚያን ጊዜውን፣ የባሕር ዳሩን ጉዞ ነው ልጽፍልሽ የተነሣሁት። የወፍጮ ቤቱ ማኅበር ኮከብ ሠራተኛ ብሎኝ፣ ከሚስትህ ጋር ሁለት ቀን በሆቴል ተዝናና ያለኝን። ቅዳሜና እሁዱ ሲነገረን ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀን። አንቺ ወዲያው «ይለፈን» አልሽ። ሰባት ዓመት ፍልሰታን ሳላጓድል እጾማለሁ፣ አንድ ልጅ ስጪኝ ብለሽ ለእመቤታችን ተስለሽ ነበር። ያ ሰባተኛው ዓመት ነበር። ስድስቱን በቅጠልና በቆሎ ጨርሰሽ፣ ከሰባተኛው ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጾም ቀርቶሽ ነበር።

እኔ ደግሞ ምን አልኩሽ? «በጾም ምክንያት ሽልማት ብመልስ ኋላ ቀር ይሉኛል፣ ስሜ ይጻፋል» አልኩሽ። እውነትም ነበር። ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ሆቴል ገብቼ መብላት አምሮኝ ነበር። ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ፣ ከሐይቁ ዳር፣ በሹካ። ለአስፈጪው ሁሉ ቀድሜ አውርቼዋለሁ። ያወራሁትን ሳልበላ እንዴት ልመለስ?

«ቅዳሜና እሁድ እንኳ ሰዓት አይጾምም፣ ጠዋትም ብትበዪ ማንም አይከለክልሽም» አልኩሽ። «ዋናው ከፍስክ መራቅ ነው፣ እሱን እኔ እጠብቅልሻለሁ» አልኩሽ። እጠብቅልሻለሁ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ እናኑ። ይኼን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት።

መንገዱን ታስታውሻለሽ። ጭቃው አውቶቡሱን ከወረታ በፊት ሁለቴ ይዞት ወረድን። ሐሙሲት ላይ ሻይ ቤት ገብተን ሽሮ በላን። ያ የመጀመሪያው ገበታችን ነው፣ በሰላም አለፈ። ሽሮውን ያመጣችው ሴትዮ ሳንጠይቃት «የጾም ነው፣ አይዟችሁ» አለች፣ አንቺም አመስግነሽ በላሽ። እዚያው ተመልሰን ቢሆን ኖሮ ይኼን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ሁለተኛው ገበታ የሆቴሉ ምሳ ነበር። አንቺ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን አጣምረሽ፣ የግቢውን አበባ ታያለሽ። አስተናጋጇ ሜኑ የሚሉትን ወረቀት ፊቴ ዘረጋችው። ቁጥር አውቃለሁ፣ ሚዛን ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፊደሉ ግን ጤፍ የፈሰሰበት ምንጣፍ ነው የመሰለኝ። እያነበብኩ ነው ለማለት ከንፈሬን ትንሽ አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ የሚበላውን በአገጬ አሳየኋት። መኮሮኒ በቲማቲም ነበር። አንቺ እጇን ያዝ አድርገሽ ቀስ ብለሽ «ቅቤ የለበትም?» አልሻት። «በዘይት ነው እትዬ» አለችሽ። በላን። ሹካዋ ከእጅሽ ሁለቴ ስትወድቅ ሳቅሽ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ትተሻት በእጅሽ በላሽ። ከጋብቻችን ወዲህ ሰው ፊት እንዲያ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው። ያ ሳቅ ነው ያሰከረኝ ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰከረኝ።

ከሰዓት በኋላ በሆቴሉ አዳራሽ ቶምቦላ ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሁሉ ለዕድል የሚሰበሰብባት ከተማ ነበረች። ቁጥር ከሳጥን እየወጣ ይጠራል፣ ሰው ካርቱ ላይ በቆሎ ያስቀምጣል። ይኼ የእኔ አገር ነው አልኩ፣ ቁጥር እኮ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ሞላልኝ። ፔርሙዝ ደረሰኝ፣ ቀይ አበባ ያለበት። አጨበጨቡልኝ። እኔም ፔርሙዙን እንደ ጽዋ ከፍ አድርጌ አዳራሹን ዞርኩ። አንቺ በነጠላሽ ጫፍ ፊትሽን ሸፍነሽ «ተቀመጥ አንተ ሰው» ትያለሽ። አልተቀመጥኩም። ያን ቀን ያልተቀመጥኩበት ብዙ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ገበታ ራታችን ነው። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ሐይቁ ከመስኮቱ ሥር ያበራል። ፔርሙዙ ሰው ሰበሰበልኝ። ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ሰው መጥቶ ተቀመጠ። አንደኛው ከእኛ ጋር ከደብረ ታቦር ኮከብ ሠራተኞቹን ይዞ የመጣው ካድሬ ነው። ሌላው ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው፣ ስሙን አላስታውሰውም፣ ጨዋ ልጅ ነበር። አስተናጋጇ ያንኑ ወረቀት አመጣች። መምህሩ እኔ ዘግየት ስል አይቶ ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ ብርሃኑ ደክሟል፣ ላንብብልዎ?» አለኝ።

እናኑዬ፣ በሩ እዚያ ነበር። «እባክህ አንብብልን፣ ባለቤቴ ጾም ናት» ማለት ብቻ ነበር። ከአምስት ቃል አይበልጥም። ካድሬው ግን ቀደመ። «ምን ሆነህ ነው? ጓድ ሙላት እኮ የተማረ ሰው ነው። ቀበሌያችን ከመሠረተ ትምህርት ነፃ ያደረገው እሱን ነው። የሚስቱንም ስም ያሰረዝነው እቤት ራሱ ያስተምራታል ብለን ነው» አለው።

ይኼን ነገር ላስረዳሽ አይገባም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ሁሉም ሰው ማታ ማታ ይማር በተባለ ጊዜ «ድሮ የቄስ ተማሪ ነበርኩ፣ አነባለሁ» ብዬ ተረፍኩ። ጎልማሳ ሰው ከልጆች ጋር ተደርድሬ «ሀ ሁ» ልል? አንቺ መማር ፈልገሽ ነበር፤ ደብተርም ገዝተሽ ነበር፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። እኔ «ሚስቴን ራሴ አስተምራታለሁ» ብዬ ስምሽን አስወጣሁት። እኔ ሳልማር አንቺ ብትማሪ ቀድመሽኝ ታነቢያለሽ፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ደብተሩ ላይ የእንቁላል ሒሳብ በጭረት ትይዢበት ነበር። ካድሬው ያን ማታ ቢደርስበት የቀበሌ ማጭበርበር ነው የሚባለው። በዚያን ዘመን እንዲህ ዓይነት ነገር በሳቅ አያልፍም፣ ሰው ከዚህ ባነሰ ታስሯል።

እህል ወደ ወፍጮው ድንጋይ በሚወርድበት ቋት ውስጥ ከገባ በኋላ አይወጣም። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ያውቃል፤ አስፈጪዋ «ቆይ፣ ዘር ነው ያመጣሁት፣ ተሳስቼ ነው» ብትል እንኳ ድንጋዩ አይሰማትም። እኔ ያን ጊዜ ቋቱ ውስጥ ነበርኩ። ብሶ ደግሞ አንቺንም ይዤሽ ገብቼ ነበር።

«ማን? እኔ ነኝ ለሰው የማነበው» አልኩት መምህሩን፣ ጮክ ብዬ። ወረቀቱን ወሰድኩ። መስመሮቹን አየሁ። አንዱ ከሌሎቹ ይረዝማል። ረጅም ስም ያለው ምግብ ደህና ምግብ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጣቴን እሱ ላይ አሳረፍኩ። «ይኼን፣ ሁለት» አልኳት። እሷም «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። ሾርባ መጣ። ካሮት አለበት፣ ድንች አለበት፣ ከላዩ ቅጠል ተበትኖበታል። እግዜር ይመስገን አልኩ በሆዴ፣ አትክልት ነው።

አንድ ማንኪያ ወሰድሽ። ቆም አልሽ። ማንኪያው አፍሽ ላይ ነበር፣ ዓይንሽ እኔ ላይ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሙላት፣ የጾም ነው?» አልሽኝ።

ካድሬው መብላቱን አቁሞ አየን። እኔ ወረቀቱን እንደገና አነሣሁና ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትኩ፣ እንደ ድቁና ተማሪ፣ «የጾም ሾርባ፣ በአትክልት ብቻ የተሠራ» ብዬ አነበብኩልሽ። መምህሩ አጠገቤ ነው የተቀመጠው። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጨው መፈለግ ጀመረ። ጨው ፊቱ ነበር።

አንቺም በላሽ። አንዲት ነገር ሳታስቀሪ ጠጣሽው። የሳህኑን ግርጌ በዳቦ ጠረግሽው። ካድሬው «እትዬ እናኑ ሾርባ ይወዳሉ» ብሎ ሳቀ፣ አንቺም «ባለቤቴ መርጦልኝ ነው» አልሽው።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ አስተናጋጇ ተከተለችኝ። «ጋሼ፣ እትዬ ይጾማሉ እንዴ? ታዲያ ምነው የሥጋ ሾርባ አዘዙላቸው? የጾሙ ዝርዝር እኮ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው» አለችኝ። ሾርባው በአጥንት የተቀቀለ፣ በቅቤ የተቁላላ ነበር። አፌ መቼ ከድቶኝ ያውቃል። «ሐኪም አዞላት ነው፣ እሷ እንዳትሰማሽ» አልኳት። ልጅቷ አዘነችልኝ። «አይዞዎት» አለችኝ።

እሁድ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ወሰድኩሽ፤ ከተማው ሁሉ ዓሣ ለጾም ይሆናል እያለ ይበላል፣ እኛ አገር ለፍልሰታ አንበላውም። አንቺ ሻይና ዳቦ ብቻ ወሰድሽ። እኔም ዓሣውን አልበላሁትም፣ ዝምብ በላው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፔርሙዙን አቅፈሽ ተኛሽ። እኔ ሳላንቀላፋ ደብረ ታቦር ደረስኩ። ስትነቃ እነግራታለሁ፣ ቤት ስንገባ እነግራታለሁ፣ ጾሙ ሲፈታ እነግራታለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን የተረተ ሰው የእኔን ስንቅ አልተሸከመም።

ልጅ አልመጣም። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት። አንዳንዴ እህል እየለቀምሽ፣ ቀና ሳትዪ፣ «ሙላት፣ በየት በኩል ይሆን ያጓደልኩት?» ትዪኝ ነበር። እኔ ምን ስመልስልሽ ኖርኩ? «እመቤታችን የእኔን መልክ አይታ፣ ይኼን ዓይነት ሌላ ሰው አልጨምርም ብላ ነው» እልሻለሁ። ትስቂያለሽ። ትንሽ ትቆዪና ደግሞ «እንዲያው፣ የምታስታውሰው ነገር የለም?» ትያለሽ። «የለም» እላለሁ። ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ? እኔ እንጃ። እህል በለቀምሽ ቁጥር ይመስለኛል። ከሰፌዱ ፊት ተቀምጬ ግድግዳው ሲጠበኝ ይታወቀኛል። ተነሥቼ እወጣለሁ። ወፍጮ ቤት ሄጄ ሞተር አስነሣለሁ፣ ከሞተሩ ድምፅ ውስጥ ደህና እተነፍሳለሁ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ መማር የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ለሰው ሌላ ምክንያት ነግሬያለሁ። በእኛ ቀበሌ መመዝገብ አልችልም፣ እዚያ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከገበያው ማዶ ወዳለው ቀበሌ እየሄድኩ ተማርኩ። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘኝ «ዘመድ ጥየቃ ነው» እላለሁ። ስድስት ወር ሙሉ በየማታው የሚጠየቅ ዘመድ፤ ያ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሀብታም ነው ሳይሉ አልቀሩም።

ባለፈው ጥር የሞተሩ ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጥሶ ሌላ ቺንጋ ልገዛ ባሕር ዳር ሄድኩ። ቺንጋውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ያ ሆቴል ገባሁ። ወንበሮቹን ቀይረዋቸዋል። ያቺ አስተናጋጅ የለችም። ሜኑውን አመጡልኝና አነበብኩት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ድምፅ ሳላወጣ። ረጅሙ መስመር አሁንም አለ። «የበሬ ሥጋ ሾርባ ከአትክልት ጋር»። ወረቀቱን ገለበጥኩት። «የጾም ምግቦች» ይላል ከላዩ፣ በትልቁ። ለስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የዞርኩትን ሥጋ በዓይኔ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ልጁ «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ ሻይ አልኩት። ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

ከዚያ መቆየት አልቻልኩም። የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። አባ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከቤተ ልሔሙ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም አልነገርኳቸውም። አቅም አጣሁ። «አባቴ፣ የሟች ባለቤቴን ጾም ያስገደፍኳት እኔ ነኝ፣ ሳታውቅ በፍልሰታ የፍስክ አበላኋት፣ ስእለቷን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ምን እንደበላሽም አልነገርኳቸውም።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ከዚያ «ያ ሾርባ እስከ ዛሬ ሲቆረቁርህ ኖረ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እናኑ፣ እኔ ሾርባ የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም።

እሳቸውም ያመለጣቸውን ወዲያው አወቁት። ጥምጥማቸውን ያዝ አደረጉ። «የሰው ንስሐ አይወራም፤ እርጅና ነው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንተ የራስህን ጨርስ» አሉኝ። አንቺ ቀድመሽኝ ለእሳቸው ተናዘሽ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ ያሉኝን ብዙም አልሰማሁትም።

እንዴት አላወቅሁም? ጎረቤት ያነጠረችውን ቅቤ በአጥር ላይ አሽትተሽ «ኮረሪማ ጎድሎታል» የምትዪ ሴት ነሽ። በመጀመሪያው ማንኪያ ነው ያወቅሽው። አውቀሽ፣ አንድ ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ እንድተርፍም እንድናገርም በር ከፈትሽልኝ። እኔ ስዋሽ ደግሞ ካድሬውን አየሽ፣ እኔን አየሽ፣ ጠጣሽው። ማንኪያውን ብታስቀምጪ ኖሮ ከዚያ ጠረጴዛ የምነሣው ታስሬ፣ በሌላ መኪና ነበር። ስድስት ዓመትሽን በአንድ ሳህን አሳልፈሽ ሰጠሽልኝ። ሳህኑን እንኳ በዳቦ የጠረግሽው ሰው እንዲያምን ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ፊቱን አዞረ። ያን ፍልሰታ ተከትሎ በመጣው መስከረም፣ ከመባቻው ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እየሄድሽ ስትሰግጂ ከረምሽ፣ ጉልበትሽ የታመመው ያኔ ነው። እኔ «ምን ሠርተሽ ነው ይኼ ሁሉ ስግደት፣ ሰው ገደልሽ እንዴ?» እያልኩ እቀልድ ነበር። «ለአገር ነው» አልሽኝ። ለቀኖናሽ ነበር። በቀጣዩ ፍልሰታ ደግሞ ቅጠልና በቆሎሽን ይዘሽ ስትቀመጪ «ሰባቱ አላለቀም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁሽ። «ደግ ነገር አያልቅም» አልሽኝ። እኔ ሞኙ ጾም ወደደች አልኩ። ከአንድ ጀምረሽ ነበር። እንደገና ከአንድ።

«በየት በኩል ይሆን ያጓደልኩት?» ስትዪኝ አንቺ ታውቂ ነበር። የጠየቅሽኝ ለራስሽ አልነበረም። እህል ስትለቅሚ፣ ቀና ሳትዪ፣ እንዳላፍር ፊቴን ሳታዪ፣ ና ውጣ ነበር የምትዪኝ። አምስት ዓመት ከነበርኩበት ቋት አፍ ላይ ቆመሽ እጅሽን ዘረጋሽልኝ። እኔ ቀልድ ሰጠሁሽ።

አሁን ለማን ልናገረው? በሩ ዛሬም ከውጭ ነው የተዘጋው፣ ቁልፉም ከአንቺ ጋር ሄዷል። ወፍጮ ቤት ሰው «አያ ሙላት ድሮም ያነባል» ሲል አሁንም «እንዴታ» እላለሁ። ትናንት ብያለሁ። ያ ካድሬ ከተቀየረ ቆይቷል፣ የሚያስረኝ ሰው የለም፣ እኔ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ገና አልተነሣሁም። ላታልልሽ ስለማልፈልግ ነው ይኼን የምጽፈው። ተለወጥኩ ብዬ አልፎክርብሽም።

አንድ ነገር ግን ቆጥሬያለሁ። ከባሕር ዳር ወዲህ አምስት ፍልሰታ ጾምሽ። በስድስተኛው ዓመት፣ ፍልሰታው ሳይደርስ፣ ሚያዝያ ላይ አረፍሽ። ሁለት ይቀርሻል። አባን «ሰው የሞተን ሰው ስእለት ይጨርሳል ወይ?» አልኳቸው። «ስእለቱ ለልጅ ነበር፣ አሁን ለማን ትጾመዋለህ?» አሉኝ። ግን አልከለከሉኝም።

ነሐሴ አንድ ቀን እጀምራለሁ። የአንቺን ስድስተኛ። በሚቀጥለው ዓመት ሰባተኛውን። በቅጠልና በቆሎ፣ አንቺ እንደምታደርጊው፣ ሾርባ በደረሰበት ሳልደርስ። ወፍጮ ቤት «አያ ሙላት፣ አንተና ጾም ከመቼ ወዲህ ተዋደዳችሁ?» እያሉ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ከረምኩ፣ ለዚያ የሚሆን ቀልድ አላዘጋጀሁም። «እናኑ ጀምራው ነበር፣ ያቋረጠችው በእኔ ነው» እላለሁ። ድምፄ በአዲሱ ሞተር ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ይኼንንም ሳልረሳ፣ አንቺንም ሳልረሳ፣ ወደ አንቺ እስክመጣ ድረስ።

ባለቤትሽ፣
ሙላት